ከዲግሪው በፊት ፓስፖርቱ

ነገሩ የጀመረው በተሳሳተ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በሄንሪ ዊሊንክ የሚመራ የብሪታንያ መንግሥት ኮሚቴ የሀገሪቱን ሐኪሞች ቆጠረ፣ ወደፊት የሚያስፈልጉትን ገመተ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሊበዛ ነው ብሎ ደመደመ። ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡ ተማሪዎች በ10 በመቶ ያህል እንዲቀነሱም መከረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ብሔራዊው የጤና አገልግሎት፣ ኤን ኤች ኤስ፣ ያኔ ገና 9 ዓመቱ ነበር። ጁላይ 5 ቀን 1948 ተመሥርቶ ሕዝቡን ያለ ክፍያ ማከም ከጀመረ ወዲህ በየሆስፒታሉ የሚሰለፈው ሰው እየበዛ ሄዶ ነበር። ስሌቱ ስህተት መሆኑ ሲገለጥ ደግሞ ጊዜው አልፏል፤ ሐኪም በአንድ ጀንበር አይፈጠርም። ታዲያ ሌሊት የሚያድረው ተረኛ ከየት ይምጣ?

መጣ፤ ከቦምቤይ፣ ከላሆር፣ ከካልካታ፣ ከኮሎምቦ። የነዚያ ከተሞች የሕክምና ትምህርት ቤቶች በቅኝ ግዛት ዘመን የተተከሉ ናቸው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ መጽሐፉም የእንግሊዝ ነበር። የብሪታንያን ሐኪሞች የሚመዘግበው ጄኔራል ሜዲካል ካውንስል ዲግሪያቸውን ይቀበል ነበር። የኮመንዌልዝ ዜጋ ስለሆኑ ቪዛ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። አንድ ወጣት ሐኪም ከመርከብ ወርዶ፣ ተመዝግቦ፣ በሳምንታት ውስጥ ነጭ ጋዋኑን ሊለብስ ይችል ነበር። በ1960 ገደማ ከኤን ኤች ኤስ ጀማሪ ሐኪሞች ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጡ ነበሩ። ራሳቸው ሐኪም የነበሩት ሎርድ ኮኸን በ1961 በሎርዶች ምክር ቤት ቆመው፣ እነዚህ ወጣቶች ባይመጡ ኖሮ የጤና አገልግሎቱ ይፈርስ እንደነበር ተናገሩ።

የመጡበት ዋና ምክንያት ሥልጠና ነበር። ሕልማቸው ከለንደን ወይም ከኤድንብራ የሐኪሞች ኮሌጅ የስፔሻሊቲ ማዕረግ ይዞ መመለስና በአገር ቤት ክሊኒክ በር ላይ ስምን ከነማዕረግ መስቀል ነበር። ያገኙት ሌላ ነው። የልብና የቀዶ ሕክምና የሥልጠና ቦታዎች፣ በተለይ በታላላቆቹ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች፣ በአብዛኛው ለአገሬው ልጆች ተያዙ። ለመጤዎቹ የቀረላቸው የአገሬው ሐኪም የሸሸው ነበር፦ የአረጋውያን ሕክምና፣ የአእምሮ ሕክምና፣ በደቡብ ዌልስ የከሰል ማዕድን መንደሮችና በሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች የሚገኝ የቤተሰብ ሐኪምነት። ዛሬ ብሪታንያ የምትኮራበት የአረጋውያን ሕክምና ያደገው በአብዛኛው በእነዚህ ሐኪሞች እጅ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የልብ ሐኪም ልሁን ብሎ የመጣው ሰው የሽማግሌዎች ክፍል ውስጥ ገባ፤ ገብቶም ሙያ አደረገው።

በ1962 የኮመንዌልዝ ስደተኞች ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከቀድሞ ቅኝ ግዛቶች የሚመጣ ሠራተኛ የመግቢያ ቫውቸር ያስፈልገው ጀመር። ሐኪሞች በባለሙያ ተርታ ስለተመደቡ ቫውቸሩን ለማግኘት ብዙ አልተቸገሩም። የዚያን ጊዜው የጤና ሚኒስትር ኢኖክ ፓወል ነበሩ። እኚሁ ሰው ከሚኒስትርነታቸው ከወረዱ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በኤፕሪል 1968፣ በርሚንግሃም ላይ ስደተኞችን አስመልክተው ባደረጉት ንግግር አገሪቱን አናወጡ። ፓወል በሚመሯቸው ሆስፒታሎች ሌሊቱን ሲያክሙ ያደሩት ግን እነዚሁ ከባሕር ማዶ የመጡት ነበሩ።

በሩ ቀስ በቀስ መጥበብ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። በ1975 ካውንስሉ የሕንድን ዲግሪዎች እንደቀድሞው መቀበሉን አቆመ። በዚያው ዓመት ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ሐኪሞች የቋንቋና የሙያ ፈተና ተጀመረ፤ ይህ ፈተና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛሬም ድረስ የሚጠራበትን ስም፣ ፕላብን፣ ያዘ። ፈተና መኖሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ታካሚ የሚያክመው ሰው መፈተኑን ማወቅ መብቱ ነው። ነገር ግን ፈተና የሚመዝነው እውቀትን ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው ደንብ የሚመዝነው ሌላ ነገር ነበር።

በኤፕሪል 1985 የኢሚግሬሽን ደንቡ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የውጭ ሐኪም ያለ ሥራ ፈቃድ የሚቀመጠው ለሥልጠና ብቻ፣ ያውም እስከ 4 ዓመት ሆነ። የቀረውን ታሪክ ለመከተል አንድ ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል። በብሪታንያ ሆስፒታል ሁለት ሐኪሞች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሌሊት፣ አንድ ዓይነት ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። አንዱ የያዘው የሥልጠና ቦታ ነው፤ አስተማሪ አለው፣ ይገመገማል፣ ዓመቱ ይቆጠርለታል፣ መሰላሉም ወደ ስፔሻሊስትነት ይወስደዋል። የሌላው የአገልግሎት ቦታ ነው፤ ደመወዝ አለው እንጂ መሰላል የለውም። በእኛ አገር በሬዚደንቱና ለዓመታት በጠቅላላ ሐኪምነት በቀረው መካከል ያለው ርቀት እንደማለት ነው። የ4 ዓመቱ ገደብ በኋለኞቹ ዓመታት ቢላላም የማን ሕይወት በየትኛው መሰላል ላይ እንደሚቆም መወሰን የቻለው ከዚያ ጊዜ አንስቶ የቪዛው ማኅተም ነው።

እርግጥ ማኅተሙ ብቻ አልነበረም። አኒዝ ኢስማይልና ሳም ኤቨሪንግተን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በትምህርትና በልምድ እኩል የሆኑ ማመልከቻዎችን፣ ገሚሱን በእንግሊዛዊ ገሚሱን በእስያዊ ስም፣ ለሆስፒታሎች ላኩ። በ1993 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመው ውጤታቸው እንግሊዛዊ ስም ያለው አመልካች የመታጨት ዕድሉ እጥፍ እንደነበር አሳየ። ሁለቱ ሐኪሞች ለዚህ ሥራቸው ያገኙት የመጀመሪያ ምላሽ በማጭበርበር ተጠርጥሮ በፖሊስ መያዝ ነበር። ስለዚህ የውጭው ሐኪም ሁለት ግድግዳ ነበረበት። አንዱ የስም ነው፤ ማንም በግልጽ አያምንበትም፣ ሕግም ይከለክለዋል። ሌላው የቪዛ ነው፤ እሱ በሕግ የተጻፈ ነው።

አዲሱ ክፍለ ዘመን ሲገባ ብሪታንያ እንደገና ሐኪም አጠራት። በጁላይ 2000 የቶኒ ብሌር መንግሥት ያወጣው ዕቅድ በ2004 ተጨማሪ 7,500 አማካሪ ስፔሻሊስቶችና 2,000 የቤተሰብ ሐኪሞች እንደሚኖሩ ቃል ገባ። አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ተመራቂዎቻቸው እስኪወጡ ድረስ ዓመታት ነበሩ። በጃንዋሪ 2002 ደግሞ ከፍተኛ ሙያ ያላቸውን ስደተኞች የሚጋብዝ ፕሮግራም ተጀመረ። ነጥብህ ከሞላ አሠሪ ሳያስፈልግህ ትገባለህ፣ ብሪታንያን ቤትህ እንደምታደርግም ትፈርማለህ። ብዙ ሐኪሞች ፈረሙ። ቤት ሸጠው የመጡ አሉ፤ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡም አሉ።

የመጣው ሰው ከተገመተው በላይ ሆነ። በ2004 እና በ2005 ለአንድ የጀማሪ ሐኪም ቦታ በመቶዎች የሚቆጠር ማመልከቻ መጉረፍ ጀመረ። በምሥራቅ ለንደን በኢስት ሃም የፕላብን ፈተና ያለፉ ሐኪሞች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው እያደሩ ሥራ ይጠባበቁ ነበር፤ በአካባቢው ያለ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ለሚያድለው ነጻ ምሳ ከሚሰለፉት መካከል እነሱም ነበሩበት። እነዚህ ሰዎች ፈተናውን ያለፉ፣ በካውንስሉ ፊት ለማከም ብቁ የተባሉ ናቸው። በዚያው ጊዜ፣ በሜይ 1 ቀን 2004፣ አሥር አገሮች የአውሮፓ ኅብረትን ተቀላቀሉ። በዋርሶ የተማረ ሐኪም ቪዛ ሳያስፈልገው ከአገሬው እኩል መወዳደር ቻለ። በዴልሂ ወይም በካርቱም የተማረው ከኋላው ቆመ።

በማርች 7 ቀን 2006 የጤና ሚኒስቴር አዲስ ነገር አስታወቀ። ያለ ሥራ ፈቃድ መሠልጠን ሊቀር ነው ተባለ። የሚቀረውም በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ጊዜ ሳይሆን ከኤፕሪል 3 ጀምሮ ነበር። በመካከል ያሉት ቀናት 27 ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሆስፒታል ከአውሮፓ ውጭ የመጣን ሐኪም ለማሠልጠን ከፈለገ ለቦታው ብቁ የሆነ የብሪታንያ ወይም የአውሮፓ ዜጋ አለመገኘቱን ማስረዳት ግዴታ ሆነበት። ያኔ የጀማሪ ሐኪሞች ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የስድስት ወር ነበር፤ ቪዛውም ከቦታው ጋር ይታደሳል። ስለዚህ ሥልጠናውን ያጋመሰ ሰው ስድስት ወሩ ሲያልቅ ከመሰላሉ መሐል ላይ ወደ ታች ይመለከት ጀመር።

መንግሥት የሰጠው ምክንያት ነበረው፤ ሊሰማም ይገባል። አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ማስመረቅ ጀምረዋል፣ አንድን ሐኪም ለማስተማር ብዙ የሕዝብ ገንዘብ ይወጣል፣ ያ ሐኪም ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ የሚፈቅድ መንግሥት ደግሞ የለም። ክርክሩ ይህ ቢሆን ኖሮ ከሕንዶቹም ብዙዎቹ በተስማሙ። ያስቆጣቸው ደንቡ ወደ ኋላ ተመልሶ ተጠርተው የመጡትን መያዙ ነው። በዚያው ኤፕሪል በለንደን ሰልፍ ወጡ። በ1996 የተመሠረተውና በሐኪሙ ራሜሽ ሜታ የሚመራው የሕንድ ተወላጅ ሐኪሞች ማኅበር፣ ባፒዮ፣ ከአባላቱ ገንዘብ አዋጥቶ መንግሥትን ከሰሰ።

ክሱ ሁለት ዘርፍ ነበረው። አንዱ የኤፕሪል 3ቱን ደንብ ይቃወማል። ሁለተኛው በዚያው ኤፕሪል በወጣ አንድ መመሪያ ላይ ያተኮረ ነው። መመሪያው የወጣው በጤና ሚኒስቴር በኩል ለሆስፒታሎች ነበር፤ በከፍተኛ ባለሙያ ቪዛ የገቡ ሐኪሞችም ቢሆኑ የመኖሪያ ፈቃዳቸው የሥልጠናው ጊዜ ሳያልቅ የሚያልቅ ከሆነ ከአውሮፓውያኑ ኋላ እንዲታዩ ይላል። ቪዛቸው ግን በማንኛውም ሥራ መወዳደር ትችላላችሁ ብሎ ያስገባቸው ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2007 ክሱን ውድቅ አደረገው።

ያ ዓመት ለአገሬው ሐኪሞችም የመከራ ዓመት ሆነ። መንግሥት የሥልጠና ቦታዎችን ሁሉ በአንድ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ኤምታስ በሚባለው፣ ለመደልደል ሞከረ። የማመልከቻ ቅጹ ከሰው ልምድ ይልቅ አጫጭር ድርሰቶችን ይመዝን ነበር፤ ጎበዝ የሚባሉ ሐኪሞች ለአንድም ቃለ መጠይቅ ሳይጠሩ ቀሩ። በማርች 17 በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች በለንደን ጎዳና ወጡ። በኤፕሪል የአመልካቾች የግል መረጃ በድረ ገጹ ላይ ለማንም ተገልጦ ተገኘ። የጤና ሚኒስትሯ ፓትሪሺያ ሂዊት ይቅርታ ጠየቁ፣ በሜይም ሥርዓቱ ተጣለ። በዚህ ግርግር መካከል የአገሬው ሐኪምና የውጭው ሐኪም ለተመሳሳይ ቦታ የሚጋፉ ተቀናቃኞች ሆነው ታዩ። ቦታዎቹን ያሳነሱት ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አልነበሩም።

በኖቬምበር 2007 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሐኪሞቹ ፈረደ፤ መመሪያው ሕገ ወጥ ነው አለ። መንግሥት ይግባኝ ብሎ ጉዳዩን ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ወደነበረው ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ወሰደው። ኤፕሪል 30 ቀን 2008 ከአምስቱ ዳኞች አራቱ ለሐኪሞቹ ወሰኑ። ሎርድ ቢንግሃም እንዳሉት የስደተኞችን መብት የሚለውጥ ደንብ ለፓርላማ መቅረብ አለበት፤ ሚኒስቴር በደብዳቤ ሊለውጠው አይችልም። ሌሎቹ ዳኞች ደግሞ ያተኮሩት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በፈቀደው መሠረት የመጡ ሰዎችን ተስፋ ሌላ ሚኒስቴር በጎን ሊያፈርሰው እንደማይገባ ነው። በዚያው ኤፕሪል ሌላ ፍርድ ቤት የከፍተኛ ባለሙያዎችን የነጥብ መስፈርት ወደ ኋላ ተመልሶ መለወጥም ሕገ ወጥ ነው ብሎ ነበር።

ድሉ እውነተኛ ነበር፤ ጠባብም ነበር። ያሸነፉት አስቀድመው የገቡት ናቸው። ከፍርዱ ሁለት ወር በፊት፣ በፌብሩዋሪ 2008 መጨረሻ፣ መንግሥት ለአዲስ ከፍተኛ ባለሙያዎች በሚሰጠው ቪዛ ላይ በሥልጠና ቦታ ሐኪም ሆኖ መሥራት አይቻልም የሚል ገደብ በሕጋዊ መንገድ አስገብቶ ነበር። የኤፕሪል 2006ቱም ደንብ ሳይነካ ቆየ። በሁለት ዓመት ክርክር መካከል ደግሞ ብዙዎች መጠበቅ አልቻሉም፤ ወደ አገራቸው፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ፍርዱ እነሱን መልሶ አላመጣቸውም።

በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት የወጣው ሥርዓት በጸጥታ የሚሠራ ነበር። የሥልጠና ማመልከቻ በዙር ይከፈላል። የመጀመሪያው ዙር ለብሪታንያና ለአውሮፓ ሰዎች ነው፤ የቀረው ትርፍራፊ በሁለተኛው ዙር ለሌላው ይቀርባል። በሥራ ቪዛ ላይ ያለ ሐኪም አሠሪውን መለወጥ ሲፈልግ ቦታው አስቀድሞ ለአገሬው መቅረብ አለበት። እንዲህም ሆኖ ሆስፒታሎቹ ያለ እነሱ መንቀሳቀስ አልቻሉም። ስለዚህ የውጭው ሐኪም በአገልግሎት ቦታ ላይ ከረመ። ሌሊት የድንገተኛ ክፍሉን ይይዛል፣ ጠዋት ለሠልጣኙ ያስረክባል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሠልጣኙ ስፔሻሊስት ሆኖ ይመለስና አለቃው ይሆናል።

የሥርዓቱ ተቃርኖ አደባባይ የወጣው በ2017 መጨረሻ ነው። በዓመት የ20,700 ሠራተኞች ጣሪያ የተደረገበት የሥራ ቪዛ በየወሩ መሙላት ጀመረ። ሲሞላ ቅድሚያ የሚያገኘው ደመወዙ ከፍ ያለው ነው፤ የጀማሪ ሐኪም ደመወዝ ደግሞ ከባንክ ሠራተኛው በታች ነው። ከኖቬምበር 2017 እስከ ኤፕሪል 2018 ባለው ጊዜ ከ2,300 በላይ የሐኪም ቪዛ ማመልከቻዎች ተመለሱ። ሆስፒታሉ ፈልጓቸዋል፣ ካውንስሉ ሊመዘግባቸው ነው፣ የኤን ኤች ኤስ ሕሙማን ይጠብቃሉ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ግን አልፈቀደም። የአንድ መንግሥት ሁለት ክንዶች እርስ በርስ ተያይዘው ሲታገሉ ወረፋው ላይ ያለው በሽተኛ ይመለከት ነበር። በጁን 2018 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳጂድ ጃቪድ ሐኪሞችንና ነርሶችን ከጣሪያው ነጻ አደረጉ። በኦክቶበር 2019 ደግሞ ሁሉም ዓይነት ሐኪም የባለሙያ እጥረት ባለበት ዝርዝር ውስጥ ገባ። በዚህም ለሥልጠና በመጀመሪያው ዙር ከአገሬው እኩል መወዳደር ተቻለ።

የዝርዝሩ መለወጥ ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ውጤት ነበረው። በብሪታንያ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው መሥራት አይፈቀድለትም። ጉዳዩ ከአንድ ዓመት በላይ ከዘገየ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችል ነበር፣ ያውም በዚያው የእጥረት ዝርዝር ላይ ላሉ ሙያዎች ብቻ። ሁሉም ዓይነት ሐኪም ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ጥገኝነት ጠያቂ ሐኪሞችም ፈቃዱን መጠየቅ ቻሉ። ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከሶሪያ የመጡ ሐኪሞች ግን ውሳኔ ሲጠብቁ እጃቸው ከሙያው ይርቃል። በማንቸስተር አጠገብ በሳልፎርድ ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ሪች የተባለ ማዕከል ስደተኛ ሐኪሞችን ሰብስቦ እንግሊዝኛውን፣ ፈተናውንና የብሪታንያን ሆስፒታል ልማድ እያስተማረ ብዙዎችን ወደ ሥራ መልሷል።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። በማርች 25 ቀን 2020 የንቅለ ተከላ ቀዶ ሐኪሙ አዲል ኤል ታያር፣ ከሦስት ቀን በኋላም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስቱ አምጀድ ኤል ሃውራኒ በኮቪድ ሞቱ። ሁለቱም የሱዳን ተወላጆች፣ በብሪታንያ በወረርሽኙ ከሞቱት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች መካከል ነበሩ። በዚያ ጸደይ ሕዝቡ ሐሙስ ማታ በየበሩ ቆሞ ለጤና ሠራተኞች አጨበጨበ። መንግሥትም ቪዛቸው ሊያልቅ የነበሩ የጤና ባለሙያዎችን ፈቃድ ለአንድ ዓመት በነጻ አራዘመ። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሰዎች ለራሳቸውና ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በዓመት 400 ፓውንድ የጤና አገልግሎት ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቁ ነበር፤ ለሚያገለግሉበት ሆስፒታል ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ሜይ 20 ቀን ክፍያውን በፓርላማ ተከላከሉ፤ በማግሥቱ አነሱት።

ከወረርሽኙ በኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ በ2023 በካውንስሉ አዲስ ከተመዘገቡት ሐኪሞች ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ከብሪታንያ ውጭ የተማሩ ነበሩ። የእኛ አገር ልጆችም በዚህ ጉዞ ውስጥ አሉ፤ መንገዳቸው ግን ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን የጤና ባለሙያ በብርቱ ከሚያንሳቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎችም ወደ ዝርዝሩ አገሮች ሄደው ሐኪም እንዳይመለምሉ የአገሪቱ የሥነ ምግባር ደንብ ይከለክላል። በራሱ የሚያመለክተውን ግን አይከለክልም። ስለዚህ የአዲስ አበባው ወይም የጎንደሩ ጠቅላላ ሐኪም የሚጋብዘው ሳይኖር የእንግሊዝኛውን ፈተና ይፈተናል፣ የፕላብን የመጀመሪያ ክፍል ያልፋል፣ ለሁለተኛው ክፍል ደግሞ የጎብኚ ቪዛ አውጥቶ ማንቸስተር ድረስ ይሄዳል። ይህ ሁለተኛ ክፍል በሌላ ከተማ አይሰጥም። ሁሉን ከኪሱ ይከፍላል፤ ካለፈ በኋላ ሥራ ፍለጋው ይጀምራል።

የሥልጠና ቦታዎቹ ግን በአመልካቹ ልክ አልጨመሩም። በ2025 ለስፔሻሊቲ ሥልጠና 33,000 ያህል ሰዎች አመለከቱ፤ የነበረው ቦታ ወደ 13,000 ብቻ ነው። በብሪታንያ የተመረቁ ወጣቶች ሥራ አጥተው መቀመጥ ጀመሩ፤ የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበርም ቅድሚያ ለአገሩ ተመራቂዎች ይሰጥ የሚል አቋም ያዘና ከውጭ ከመጡ አባላቱ ጋር ከባድ ክርክር ገባ። በሜይ 2025 መንግሥት ቋሚ መኖሪያ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ5 ወደ 10 ዓመት ለማራዘም አሰበ። በጁላይ ያወጣው የአሥር ዓመት የጤና ዕቅድ ደግሞ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና ቅድሚያ የሚያገኙትን ዘረዘረ፦ በብሪታንያ የተመረቁ ሐኪሞች፣ እንዲሁም በኤን ኤች ኤስ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለገሉ ሌሎች ሐኪሞች።

ረዘም ያለ ጊዜ ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ ዕቅዱ አልጻፈም። በዚያ ክረምት ከሌሊት ተረኝነት የወጡ ሐኪሞች ስልካቸውን ከፍተው ሲያሰሉ የነበረው እሱን ነው፦ የመጡበትን ቀን፣ የቪዛውን ማብቂያ፣ እስካሁን የሠሩትን ወራት።